ሁምቦልት በቺምቦራሶ ተራራ

ስለ ተራራ ወጪ ሰው ሲወራ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጫፉን ረገጠ ወይስ አልረገጠም የሚለው ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን የዛሬው ባለታሪካችን የተሸነፈ ሰው ነው። አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት በ1802 ዓ.ም. ከቺምቦራሶ ተራራ ጫፍ ሳይደርስ፣ እጁ ደምቶ፣ በረዶ እየወረደበት ተመልሷል። ይሁን እንጂ ያን ዕለት ያልተረገጠው ጫፍ ስሙን በዓለም ካስጠሩለት ነገሮች ሁሉ ዋነኛው ሆነ። እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደ ቻለ ለማወቅ የሰውየውን ሕይወት ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ሁምቦልት የተወለደው ሴፕቴምበር 14 ቀን 1769 ዓ.ም. በበርሊን ከተማ ነው። አባቱ የፕሩሲያ ጦር መኮንን፣ በኋላም የቤተ መንግሥት እልፍኝ አስከልካይ ነበር፤ ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ሞተ። እናቱ ባለጠጋና ጥብቅ፣ ፍቅሯንም በፊቷ የማታሳይ ሴት ነበረች ይባላል። ዊልሄልምንና አሌክሳንደርን ቤት ድረስ በሚመጡ መምህራን አስተማረች። ታላቁ ዊልሄልም ፈጣን ተማሪ ሲሆን ታናሹ ግን በትምህርቱ የዘገየና በሽታ የማያጣው ልጅ ስለ ነበረ ከእርሱ ብዙ የሚጠብቅ አልነበረም። የልጁ ደስታ በቴጌል በነበረው ርስታቸው ዱር ለዱር እየዞረ አበባ፣ ጢንዚዛና ድንጋይ መልቀም ነበር። ኪሱ ዘወትር በነዚህ የተሞላ በመሆኑ ትንሹ መድኃኒት ቀማሚ የሚል የቀልድ ስም ወጣለት። (ታላቅ ወንድሙ ዊልሄልም በ1810 ዓ.ም. የበርሊንን ዩኒቨርሲቲ ያቋቋመው ሰው ነው። ማስተማርና መመራመር በአንድ ጣራ ሥር ይኑሩ የሚለውን ሐሳብ እኛ ተማሪዎች ሳናውቀው ከእርሱ ወርሰናል።)

እናቱ አሌክሳንደር የመንግሥት ሹመኛ እንዲሆንላት ትፈልግ ነበርና ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም ወደ ንግድ ትምህርት ቤት ላከችው። እርሱ ግን ልቡ ያደረው በሩቅ አገር ላይ ነበር። በመጨረሻም ሁለቱን ፍላጎት ሊያስታርቅ የሚችል ሙያ አገኘ፤ ይኸውም የማዕድን ሥራ ነው። በፍራይበርግ የማዕድን ትምህርት ቤት ጥቂት ወራት ተምሮ በ22 ዓመቱ የማዕድን ተቆጣጣሪ ሆነ። ሹመቱን ወንበር ላይ ተቀምጦ አልበላውም። ሠራተኞቹ በማያውቁት መርዘኛ አየር ሲሞቱ ስላየ ከኪሱ አውጥቶ የማዕድን ቆፋሪዎች ትምህርት ቤት ከፈተላቸው። መጥፎ አየር ባለበት ጉድጓድ የማይጠፋ ፋኖስም ሠራ፤ ይህንኑ ፋኖስ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲሞክር ራሱን ስቶ ጎትተው አወጡት።

በፍራይበርግ የተማረው ነገር ግን ኋላ በእሳተ ገሞራ ተራሮች ላይ ስላደረገው ጉዞ ለመረዳት አስፈላጊ ስለሆነ ጥቂት እንቆይበት። የትምህርት ቤቱ ስመ ጥር መምህር ቬርነር ዐለት ሁሉ፣ ጥቁሩ የባዛልት ድንጋይ ሳይቀር፣ በጥንት ጊዜ ምድርን ከሸፈነ ባሕር ውስጥ ዘቅጦ የተፈጠረ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። እሳተ ገሞራ በእርሱ ዘንድ ከመሬት በታች የድንጋይ ከሰል ሲቃጠል የሚመጣ ጥቃቅንና የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ተቃዋሚዎቹ ደግሞ የምድር ሆድ እሳት ነው፣ ባዛልትም ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ነው ይሉ ነበር። ወጣቱ ሁምቦልት የመምህሩን ወገን ይዞ፣ በ1790 ዓ.ም. ስለ ራይን ወንዝ ባዛልት የጻፈው የመጀመሪያ መጽሐፉም በዚሁ አስተሳሰብ የተቃኘ ነበር። እንግዲህ ወደ አንዲስ ተራሮች የሄደው ሰው አዲስ ነገር ፈላጊ ብቻ ሳይሆን የመምህሩን ትምህርት በጫንቃው የተሸከመ ደቀ መዝሙር ጭምር ነው።

እናቱ በ1796 ዓ.ም. ስትሞት ብዙ ገንዘብ ወረሰ። ወዲያው ሹመቱን ለቀቀ። በፓሪስ ሳለ ኤሜ ቦንፕላን ከሚባል ፈረንሳዊ የዕፀዋት ሊቅ ጋር ተዋወቀና ወደ ግብፅ ሊሄዱ ሞከሩ፤ የናፖሌዎን ጦርነት መንገዱን ዘጋባቸው። ዞረው ማድሪድ ገቡ። የስፔን ንጉሥ አራተኛው ካርሎስም የራሳቸውን ወጪ ራሳቸው ይቻሉ እንጂ በአሜሪካ ግዛቶቹ ሁሉ እንዲዘዋወሩ ፈቀደላቸው። ለውጭ አገር ሰው እንዲህ ያለ ፈቃድ በዚያ ዘመን የማይታሰብ ነበር። ጁን 5 ቀን 1799 ዓ.ም. ከላ ኮሩኛ ወደብ ተነሡ፤ በመንገድም በቴኔሪፍ ደሴት ቴይዴ የሚባለውን የእሳተ ገሞራ ተራራ ወጡ። ለሁምቦልት የመጀመሪያው ትልቅ እሳተ ገሞራ ይህ ነው።

በደቡብ አሜሪካ መጀመሪያ የቆዩባት ኩማና ትባላለች። የተከራዩት ቤት መስኮት ወደ አደባባይ ያይ ነበር፤ በዚያ አደባባይ ከአፍሪካ የመጡ ሰዎች ይሸጡ ነበር። ገዢ እየመጣ እንደ ፈረስ አፋቸውን ከፍቶ ጥርሳቸውን ሲመለከት ሁምቦልት በየቀኑ አየ። ይህን ነገር እስከ ዕለተ ሞቱ አልረሳውም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። የኦሪኖኮን ወንዝ በታንኳ የተጓዙበትን፣ በትንኝ የተበሉበትን፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውን ዓሣ የመረመሩበትን ታሪክ ግን እዘለዋለሁ። እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።

በጃንዋሪ 1802 ዓ.ም. ዛሬ የኢኳዶር ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ ኪቶ ደረሱ። እዚህ ላይ ሁለት ወጣቶችን ላስተዋውቅ፤ ስለ ሁምቦልት በሚጻፉ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር የሚታለፉ ናቸው። አንደኛው ፍራንሲስኮ ሆሴ ዴ ካልዳስ ይባላል። የፖፓያን ከተማ ተወላጅ ሲሆን መምህርም መሣሪያም በሌለበት በራሱ ጥረት የሥነ ከዋክብትን ትምህርት የተማረ ሰው ነው። ቴርሞሜትሩ ተሰብሮበት ሊጠግን ሲሞክር ውኃ የሚፈላበት ሙቀት እንደ ቦታው ከፍታ እንደሚለያይ ተረድቶ፣ ባሮሜትር ሳይኖር በፈላ ውኃ ብቻ የተራራን ከፍታ የሚለካበትን ዘዴ አወጣ። ሁምቦልትን ለመቀበል መንገድ ድረስ ወጥቶ አገኘው፤ የጉዞው ባልደረባ ልሁን ብሎም ተስፋ አደረገ። ሁምቦልት ግን አልወሰደውም። የወሰደው ሁለተኛውን፣ የሴልቫ አሌግሬን መኰንን ልጅ ካርሎስ ሞንቱፋርን ነበር። ሞንቱፋር በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ፣ መልከ መልካምና ጨዋታ ዐዋቂ ወጣት ነው፤ ሳይንስ ግን አልተማረም። ካልዳስ በዚህ ነገር ክፉኛ ቆሰለ። በእኔ አስተያየት ከሁምቦልት ሥራዎች ሁሉ ይቅርታ ለማድረግ የሚያስቸግረው ይህ ነው።

በኪቶ ዙሪያ የእሳተ ገሞራ ተራሮች እንደ ዘብ ቆመዋል። ሁምቦልት ያገኘውን ሁሉ መውጣት ጀመረ። በፒቺንቻ መጀመሪያ ራሱ ዞሮበት ወደቀ። በሜይ ወር እንደገና ሲወጣ እርሱና አንድ የአገሩ ተወላጅ መሪ በእሳተ ገሞራው አፍ ላይ በተንጠለጠለ የበረዶ ድልድይ ላይ ሳያውቁት ቆመው ተገኙ። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ተመልሶ ወጣ፤ በ36 ደቂቃ ውስጥም 15 ጊዜ መሬቱ ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ ቆጠረ። የኪቶ ሕዝብ ይህ መናፍቅ በተራራው አፍ ባሩድ ጨምሮበት ነው ብሎ አማው። ሕዝቡን መሳቂያ ማድረግ አይገባም፤ ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1797 ዓ.ም. የሪዮባምባ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ ነበርና።

እነዚህን ተራሮች አንድ በአንድ ሲመለከት የቬርነር ትምህርት ከእጁ ማምለጥ ጀመረ። በድንጋይ ከሰል ቃጠሎ ይህን የሚያህል ነገር አይሠራም። ደግሞም ተራሮቹ የተበተኑ አልነበሩም፤ እንደ ተሰለፈ ጦር በመስመር ተከታትለው ይሄዳሉ። ከዚህም ተነሥቶ እሳተ ገሞራዎች በምድር ቅርፊት ውስጥ ባለ ረጅም ስንጥቅ ላይ የተቀመጡና ከሥር የተያያዙ መሆን አለባቸው ወደሚል ሐሳብ ደረሰ። ይህ ለውጥ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ዓመታት ፈጅቷል። ቢሆንም የሚወደውን መምህር ትምህርት በዐይኑ ስላየው ነገር ብሎ መተው ለማንም ተማሪ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን።

አሁን ወደ ቺምቦራሶ እንምጣ። ቺምቦራሶ በዚያን ዘመን በዓለም ሁሉ ከፍተኛው ተራራ እንደሆነ ይታመን ነበር። የዛሬው ልኩ 6,263 ሜትር ነው፤ ከእኛው ራስ ደጀን 1,700 ሜትር ያህል ይበልጣል። ጁን 23 ቀን 1802 ዓ.ም. ሁምቦልት፣ ቦንፕላንና ሞንቱፋር ከአገሬው መሪዎች ጋር ሆነው በበቅሎ ጉዞ ጀመሩ። ባሮሜትር፣ ቴርሞሜትርና ሌሎችንም መለኪያዎች ይዘዋል፤ ዛሬ ተራራ ወጪዎች የሚታጠቁት ገመድና የጫማ ጥፍር ግን አልነበራቸውም። በቅሎዎቹ የማይሄዱበት ሲደርሱ በእግር ቀጠሉ። ከ5,000 ሜትር በላይ ግን መሪዎቹ ከአንዱ በቀር እንቢ ብለው ተመለሱ። አብሮ የቀጠለው ሳን ሁዋን ከምትባል መንደር የመጣ ሰው ነው። ሁምቦልት የመንደሩን ስም ጽፎ የሰውየውን ስም ሳይነግረን አለፈ።

መንገዱ እንደ ካራ ስለት የቀጠነ የተራራ ጀርባ ነበር፤ ስፋቱ በአንዳንድ ቦታ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። በግራ በኩል እንደ መስተዋት የሚያበራ በረዶ፣ በቀኝ በኩል ጥልቅ ገደል አለ። ሁምቦልት ወደ ቀኝ ማዘንበል ይሻላል ብሎ አሰበ፤ በበረዶው ላይ የተንሸራተተ የሚይዘው የለውምና። ዐለቱ እየተፈረካከሰ ስለሚያስቸግር በእጅና በእግር ይድሁ ነበር፤ የድንጋዩ ስለት መዳፋቸውን ቆራረጠው። ጉም ወረደና ፊታቸውን ማየት ተሳናቸው። ከዚያ በኋላ ሁሉም ያቅለሸልሻቸው፣ ራሳቸውን ያዞራቸው ጀመር፤ ድዳቸውና ከንፈራቸው ደማ፣ ዐይናቸው ደም ለበሰ። ሞንቱፋር ከሁሉ ይልቅ ተሠቃየ፤ ነገር ግን አልተመለሰም።

ይህ ሕመም ከምን እንደሚመጣ ያን ጊዜ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም። የአየሩ ክብደት በዚያ ከፍታ በባሕር ዳር ካለው ግማሽ ብቻ ነው፤ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅንም እንዲሁ በግማሽ ይቀንሳል። ነገሩን ፖል ቤር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በሙከራ ያረጋገጠው በ1878 ዓ.ም. ነው። ሁምቦልት ግን ምክንያቱን ሳያውቅም ቢሆን ምልክቶቹን አንድ በአንድ መዘገበ። በየጥቂቱ እየቆመ ባሮሜትሩን ያነባል፣ ድንጋይ ይሰበስባል፣ በዐለት ላይ እንደ ዝገት የተለጠፈው ሽበት የት ላይ እንደሚያልቅ ይጽፋል። ጣት በብርድ ደንዝዞ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ዝቋላን በሌሊት የወጣ ሰው በጥቂቱም ቢሆን ይገምተዋል።

ድንገት ጉሙ ተገለጠ። የቺምቦራሶ ክብ ጫፍ ቅርብ ሆኖ ታያቸው። ደስ ብሏቸው እርምጃቸውን አፋጠኑ፤ ወዲያው ግን መንገዱ ተቆረጠ። በፊታቸው 20 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥልቅ ስንጥቅ ተዘርግቶ ነበር። ዙሪያውን ለመሄድ ሞከሩ፤ በረዶው ልል ስለሆነ የሰው ክብደት አልችል አለ። ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ገደማ ሁምቦልት ባሮሜትሩን ለመጨረሻ ጊዜ አቆመ፤ ባደረገው ስሌት የደረሱበት ቦታ 5,878 ሜትር ሆነ። (ቁጥሩ ከፍ ብሏል የሚሉ ኋላ የመጡ ሰዎች አሉ፤ ኤድዋርድ ዊምፐር አንዱ ነው።) ቦታው ሰው የማይቆይበት ስለ ነበረ ድንጋይ ለማስታወሻ ለቅመው ቶሎ ወረዱ፤ ሲወርዱም በረዶ ዘነበባቸው።

ሁምቦልት በምድር ላይ ከእኔ በላይ የወጣ ሰው የለም ብሎ አመነ፤ አውሮፓም እንዲሁ አመነች። እውነቱ ግን ሌላ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በአርጀንቲናና በቺሌ ድንበር ላይ በሚገኘው ዩያያኮ በሚባል 6,739 ሜትር ከፍታ ባለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ጫፍ ላይ ሦስት የኢንካ ልጆች አስከሬን ሳይበሰብስ ተገኘ። ለመሥዋዕት የተወሰዱት ሁምቦልት ከመወለዱ 250 ዓመት ያህል በፊት ነው። የአንዲስ ሰዎች ከቺምቦራሶ የሚበልጥ ተራራ ወጥተዋል፤ ባሮሜትር ስላልያዙ፣ መጽሐፍም ስላላሳተሙ አልተቆጠረላቸውም።

ታዲያ ሁምቦልት ከዚያ ተራራ ይዞት የወረደው ምንድን ነው? አንድ ሥዕል ነው። በ1803 ዓ.ም. መጀመሪያ በጓያኪል ወደብ ሳለ ቺምቦራሶን ለሁለት እንደ ተከፈለ ዳቦ ቆርጦ ሣለው፤ በሆዱም ላይ ዕፀዋቱን እያንዳንዳቸውን በሚበቅሉበት ከፍታ ላይ ጻፈ። ከታች የዘንባባና የሙዝ አገር፣ ከዚያ በላይ የትልልቅ ዛፎች፣ ከዚያም የቁጥቋጦና የሣር፣ በመጨረሻም ሽበትና በረዶ። በግራና በቀኝ የሙቀቱን፣ የአየሩን ክብደት፣ የሰማዩን ሰማያዊነት፣ የሚታረሰውን እህል በቁጥር አሰፈረ። ሥዕሉ በ1807 ዓ.ም. ስለ ዕፀዋት ጂኦግራፊ ከጻፈው መጽሐፍ ጋር በፓሪስ ታተመ።

ይህን ሥዕል ለአገራችን ገበሬ ብናሳየው ብዙም የሚደነቅ አይመስለኝም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብሎ ምድሩን በከፍታ ከከፈለ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ጤፍ የት፣ ገብስ የት እንደሚዘራም ሁምቦልት አልነገረውም። የአንዲስ ገበሬም እንዲሁ ያውቅ ነበር። ካልዳስም በዚያው ዘመን ዕፀዋትን በከፍታ እየለየ ይጽፍ ስለ ነበር ሐሳቡ ከማን ወደ ማን እንደ ሄደ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከራሉ። የሁምቦልት ድርሻ ዕውቀቱን ከመለኪያ ጋር ማጋባቱና ከአንድ አገር አውጥቶ ከአልፕስ፣ ከቴኔሪፍና ከሰሜን አውሮፓ ጋር ማስተያየቱ ነው። ከቺምቦራሶ ግርጌ ወደ ጫፉ የሚወጣ ሰው ከምድር ወገብ ወደ ዋልታ እንደሚጓዝ ሰው መሆኑን በአንድ ወረቀት አሳየ። በ1817 ዓ.ም. ደግሞ እኩል ሙቀት ያላቸውን አገሮች በመስመር ያያያዘውን ካርታ አወጣ፤ ዛሬ በአየር ጠባይ ካርታ ላይ የምናያቸው መስመሮች ከዚያ የተወለዱ ናቸው።

ከአሜሪካ በኦገስት 1804 ዓ.ም. ተመለሰ፤ ሞንቱፋርም አብሮት ፓሪስ ገባ። ሁምቦልት በፓሪስ ከ20 ዓመት በላይ ተቀምጦ የጉዞውን መጻሕፍት ሲያሳትም የወረሰው ሀብት አለቀ። በ1827 ዓ.ም. ወደ በርሊን ተመልሶ የንጉሡ ባለሟል ሆነ። የፈረንሳይን አብዮት ያደነቀ ሰው በቤተ መንግሥት ማዕድ ተቀምጦ ለንጉሥ መጽሐፍ ሲያነብ ማየት ያሳዝናል። በ1829 ዓ.ም. በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ወጪ ሳይቤሪያን ሲጎበኝም ስለ ገባሩ ኑሮ ምንም እንዳይናገር ተስማምቶ ነበርና ዝም አለ። በአንጻሩ በበርሊን ያለ ክፍያ ያስተማረውን ትምህርት ሴቶችና ሠራተኞች ሳይቀሩ እየተጋፉ ሰሙት፤ በ1848 ዓ.ም. አብዮት የሞቱት ሰዎች ሲቀበሩም የ78 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ ከሐዘንተኞቹ ጋር በእግሩ ሄደ።

በባርነት ላይ ግን ዝም ብሎ አያውቅም። በ1826 ዓ.ም. ስለ ኩባ የጻፈው መጽሐፍ ባርነትን የሚያወግዝ ምዕራፍ ነበረው። በ1856 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ ይህን ምዕራፍ ቆርጦ በማስቀረት መጽሐፉን ቢተረጉመው፣ ሁምቦልት ያ ምዕራፍ ከመለኪያዎቹ ሁሉ ይበልጥብኛል ብሎ በጋዜጣ ተቃወመ። በሚቀጥለው ዓመትም የፕሩሲያን መሬት የረገጠ ባሪያ ሁሉ ነጻ ይሁን የሚለው ሕግ እንዲወጣ አደረገ። የኩማናው መስኮት ከ58 ዓመት በኋላ መልስ አገኘ።

ሂማላያ ከቺምቦራሶ እንደሚበልጥ በተለካ ጊዜ እዚያም ለመውጣት ተመኘ። ፈቃድ ለማግኘት ደጋግሞ ቢጥርም ሕንድን የያዘው የእንግሊዝ ኩባንያ ፈቃድ አልሰጠውም፤ ስለ ስፔን ቅኝ ግዛት የጻፈውን አንብቦ ስለ ፈራ ነው ብለው ብዙዎች ይገምታሉ።

ሁለቱ ወጣቶችስ? ሞንቱፋር ከአውሮፓ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1810 ዓ.ም. የስፔን መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ነው፤ ነገር ግን ከነጻነት ታጋዮች ጋር ተቀላቀለ። ተይዞ አመለጠ፤ ከቦሊቫር ጦር ጋር ተዋጋ። እንደገና ተይዞ ጁላይ 31 ቀን 1816 ዓ.ም. ቡጋ በምትባል ከተማ በጥይት ተገደለ። ካልዳስም መሣሪያዎቹን ትቶ ለነጻነት ጦር መሐንዲስ ሆኖ ነበር፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር በቦጎታ ረሸኑት። የተወሰደውም ያልተወሰደውም ዕጣቸው አንድ ሆነ።

ሁምቦልት ኮስሞስ የሚባለውን ትልቁን መጽሐፉን ሳይጨርስ ሜይ 6 ቀን 1859 ዓ.ም. በ89 ዓመቱ በርሊን ሞተ፤ በቴጌልም ተቀበረ። በዚያው ዓመት ዩሊየስ ሽራደር የሚባል ሠዓሊ የመጨረሻውን ሥዕሉን ሣለው። ሽማግሌው ብቻውን ተቀምጧል፤ ከጀርባው የአንዲስ ተራሮች በበረዷቸው ይታያሉ።

የቺምቦራሶ ጫፍ የተረገጠው ጃንዋሪ 4 ቀን 1880 ዓ.ም. ነው። የወጣው ዊምፐር የተባለው እንግሊዛዊ፣ ካሬል ከሚባሉ ሁለት ጣሊያናውያን ተራራ መሪዎች ጋር ሆኖ ነበር። ሰዎች አላመኑትም። ስለዚህ በጁላይ 3 ቀን እንደገና ወጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ዳቪድ ቤልትራንና ፍራንሲስኮ ካምፓኛ የሚባሉ ሁለት የኢኳዶር ሰዎች አብረውት ጫፉ ላይ ቆሙ፤ ስማቸውም ተጻፈ።